የጳጉሜ ስድስት መዝገብ

ሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም. ጠዋት የቱሉ ማረሚያ ቤት የእንጨት ሥራ ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ የዕቃ ቁምሳጥኑ በር ወልቆ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ተገኘ። ቁምሳጥኑ ውስጥ መጋዝ ነበር፣ መሮ ነበር፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ነበር። ሌባው ይህን ሁሉ ትቶ አንድ መዝገብ ብቻ ይዞ ሄዷል፤ ያውም የአምናውን የሠልጣኞች ስም መጥሪያ! እስቲ እንዲህ ያለ ሌባ የት አገር አለ?

ኢንስፔክተር ማናልበሽ ነገሩን በስልክ ስትሰማ ሁለት ጊዜ አስደገመች። የጎባ ልጅ ናት። በአሥራ ስምንት የፖሊስነት ዓመቷ የበግ ሌባም፣ የስንዴ ሌባም፣ ሙሽራ ጠልፎ የጠፋም አሳድዳለች። የስም መጥሪያ ሌባ ግን ገና አልገጠማትም።

ረዳቷ ሳጅን ነገሪ ፒክአፑን ከሮቤ አውጥቶ ማረሚያ ቤቱ ወዳለበት ወደ ሲናና ሲያቀና አንድ ኮምባይነር መንገዱን ዘግቶት ነበር። አዝመራው ደርሷል። ከኮምባይነሩ ኋላ ጋሪውም ባጃጁም ተሰልፎ ይንፏቀቃል።

«እንግዲህ ወረቀት ፍለጋ ነው ይህን ሁሉ ነዳጅ የምናቃጥለው?» አለ ነገሪ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማህም? ዝም ብለህ ንዳ።»

የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ኮማንደር ከሊል በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ብዙ ማውራት የማይወድ ሰው ነው።

«መዝገቡ ተገኝቷል» አለ። «ማደሪያዎቹን አስፈትሼ ጀሊል የሚባል ታራሚ ሳጥን ውስጥ አገኘነው። ከሳጥኑ ወለል በታች፣ በጨርቅ ተሸፍኖ።»

«ከተገኘ እኛን ምን አስጠራን?»

«ሐሙስ የአመክሮ ኮሚቴ ይቀመጣል። የጀሊል ጉዳይ የሚታየው ያን ቀን ነው። ያለ ፖሊስ ሪፖርት ስሙን መሰረዝም ማቅረብም አልችልም።»

ማናልበሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ለአመክሮ የሚጠየቀውን ንገረኝ፤ እንደማላውቅ ቁጠረኝ።»

«ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጸባዩ የተመሰገነ፣ ከበደለው ወገን የታረቀ መሆን አለበት። ከዚያ ሙያ ተምሮ መጨረስ አለበት። ፈተና ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከመቶ ሰማንያውን ቀን መገኘቱ በመዝገብ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚወድቀው።»

«ጀሊልስ?»

«በጠብ ሰው ገድሎ አሥራ አራት ዓመት የተፈረደበት ነው። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወሩን በዚህ ወር ሞላ። ሽማግሌዎች ከሟች ቤተሰብ ጋር አስታርቀውታል። ከሮቤ የመጡት መዛኞች ደግሞ በፈተናው አንደኛ አወጡት። መዝገቡ ግን ከ280 ቀን 61 ቀን ቀርቷል ይላል። መገኘት የነበረበት 224 ቀን ነው። አምስት ቀን ጎደለው።»

«ስለዚህ ጉድለቱ እንዳይታወቅበት ሰረቀው።»

«እንዲያ ነው የሚመስለው።»

«ሰርቆስ ለምን አላቃጠለውም? ማሠልጠኛው ውስጥ የኮላ ማፍያ ምድጃ የለም እንዴ?»

ከሊል ትከሻውን ነቀነቀ። «እሱን አንቺ ድረሺበት። እስከ ሐሙስ ካልደረሽበት ቀጣዩ ኮሚቴ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሌብነት ክስ ከተጨመረበት ደግሞ አመክሮ የሚባል ነገር ይርሳው።»

ማሠልጠኛው ትልቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። አሠልጣኙ አቶ በየነ የኮቴ ድምፅ ሲሰሙ ከጠረጴዛቸው ተነሡ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሮቤ የከተሙ፣ እሳቸው እዚያው ተወልደው በአናጢነት ያረጁ፣ በመጪው ግንቦት ስድሳ ሞልቷቸው ጡረታ የሚወጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ቀጥ ብለው ወደ ነገሪ ሄዱ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንስፔክተር።»

ነገሪ ሳቁን ዋጠ። የማናልበሽ ደም ፈላ። ማዕረጓ ትከሻዋ ላይ ተደርድሮ እያለ ይህ ሰውዬ ወንዱን መርጦ ጨበጠ!

«ኢንስፔክተሯ እኔ ነኝ፣ ጋሽ በየነ።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ ልጄ» አሉ ደንግጠው።

እንዲህ ያለ ነገር በወር ሁለት ጊዜ ስለሚያጋጥማት ከንፈሯን ነክሳ አለፈችው። ንዴት አእምሮን ይጋርዳል። ያን ዕለት ቆም ብላ ብታስብ ኖሮ ሦስት ቀን ባልደከመች ነበር።

ቁምሳጥኑን አየች። ቁልፉ አልተነካም። በሩ የወለቀው ከማጠፊያው ነው፤ ስምንቱ ቪቴዎች ተፈትተው በአንድ ቆርቆሮ ክዳን ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል።

«ሌባ ይሰብራል እንጂ ቪቴ ይደረድራል?» አለች።

«አናጢ የሆነ ሌባ ይደረድራል» አለ ነገሪ።

«የሃያ ዓመት ጥድ ነው» አሉ አቶ በየነ፣ የበሩን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። «እንጨት የሚያውቅ ሰው ይህን አይሰብርም። እጁ እሺ አይለውም።»

«ጀሊል እንጨት ያውቃል?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከበሩ አነሡ። «ከእኔ የተሻለ ያውቃል» አሉ።

ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር የሚሆኑ አሥራ አራት ቀጫጭን ጣውላዎች ተሰቅለዋል። አራቱም ጠርዛቸው በመሮ ተከታትፏል። አንዱ ጫፍ ላይ አንድ ሚስማር፣ በሌላው ሁለት፣ በሌላው ሦስት፣ እንዲህ እያለ ተመቷል።

«እነዚህስ?»

«የልጆቹ መለማመጃ ነው» አሉ አቶ በየነ ቶሎ ብለው።

ጀሊል ረዥም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ የደሎ መና ሰው ነው። ሳጥኑ ፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሲያዩት የሚያስጎመጅ የዝግባ ሳጥን ነው። ውስጡ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ ነበር፤ ፈታሾቹ ወለሉን ሲፈነቅሉ ጨርቁን ቀደውታል።

«ለማን ሠራኸው?» አለች ማናልበሽ።

«ለልጄ ለሰሚያ። ስታሰር ገና አልተወለደችም ነበር። ይዤላት ልገባ ነበር።»

«መዝገቡን ሰርቀሃል?»

«ወላሂ አልሰረቅኩም።»

«ታዲያ ማን ከተተው?»

ጀሊል የተቀደደውን ሰማያዊ ጨርቅ ብዙ ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ፤ ማናልበሽ ቁጣ ነው ብላ ገመተች፣ ቁጣ ግን አልነበረም።

«አላውቅም» አለ።

«ስማ ጀሊል። ዝም ካልክ ስድስት ወር ብቻ አይደለም የምታጣው።»

«ዘጠኝ ዓመት ለቆጠረ ሰው ስድስት ወር ምን አላት፣ ኢንስፔክተር?»

«እሱን ለልጅህ ንገራት!»

ይሄኔ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃል ግን አልወጣውም። ማናልበሽ በሩን ወርውራ ወጣች። የሚያናድዳት ውሸታም አይደለም፤ ውሸታም ቢያንስ ያወራል። የሚያናድዳት እንዲህ ያለው ነው።

ማደሪያ ውስጥ ከጀሊል አጠገብ የሚተኛው አብዶ ነው፤ አብሮት የሠለጠነ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ፈታሾቹ ከፍራሹ ሥር ካቻቪቴ አግኝተውበታል። ነገሪ ገና ሳይጠየቅ «ሰውዬው ተገኘ!» ብሎ እጁን አፋተገ።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!» አለ አብዶ እየሳቀ ሲገባ። በቀኝ እግሩ ያነክሳል።

«ናጋ፣ ደህና» አለች ማናልበሽ። «ካቻቪቴው ምን ይሠራልሃል?»

«ሬዲዮኔን እከፍትበታለሁ። ባትሪ ድንጋዩ ይላላል።»

«ከጀሊል ጋር ትጣላላችሁ አሉ።»

«ያንኮራፋል! ማን የማይጣላው? ሌባ ግን አይደለም። ያ ሰው የሰው ሚስማር እንኳ አያነሣም።»

«እግርህን ምን ነካው?»

«አምና በሚያዝያ መጨረሻ ግንድ ወደቀብኝ። ግንቦትን ሙሉ ክሊኒክ በጀርባዬ ነው ያሳለፍኩት። እንዲያውም በዚሁ ምክንያት ቀኔ አይሞላ ይሆናል ብዬ ስሰጋ…»

ማናልበሽ መዝገቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ግንቦትን ገለጠች። በአብዶ ስም ትይዩ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጭረት የለም። «ተገኝቷል፣ ተገኝቷል፣ ተገኝቷል» ነው የሚለው።

ነገሪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «በቃ፣ ለራሱ ሲል መዝገቡን ያስተካከለው እሱ ነው።»

«ለራሱ ሲል ያስተካከለ ሰው ግንቦትን ታምሜ ነበር ብሎ በገዛ አፉ ይነግረኛል? ተወው።»

አብዶ አንዴ እሷን፣ አንዴ ነገሪን አየ። «ምነው? ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። ሬዲዮንህን በማንኪያ ክፈት ከእንግዲህ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ አንዲት ሴት ማናልበሽን ስትጠብቅ አገኘቻት። ሰቢሪና ትባላለች፤ የጀሊል ሚስት ናት። ወሬውን ሰምታ ከደሎ መና ሌሊት ከወጣ አውቶቡስ ነው የወረደችው። ያቋረጠችው የሳነቴ ተራራ ብርድ ገና ከፊቷ አልወጣም።

«ኢንስፔክተር፣ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠዋል» አለች ተቀመጪ ሳትባል። «ጀሊል በወጣ ሳምንት ከሟች ወንድሞች ጋር በአንድ ገበታ ይበላል። እርድ ተዘጋጅቷል። እነሱም እሺ ብለዋል፤ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ እሺታ ነው። አሁን ሌባ ሆነ ሲባል ምን ይላሉ? ነፍሰ ገዳይ ብቻ ሳይሆን ሌባም ነው እንዴ ይላሉ። ዕርቁ ይፈርሳል።»

«ባልሽ አፉን አልከፍትም ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

«እሱ እንዲህ ነው። የሚወደውን ሰው አያማም።»

ማናልበሽ ቀና አለች። «ሳጥን እየሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አላውቅ! በየደብዳቤው ስለሱ ነው የሚጽፍልኝ። ባለፈው ልጠይቀው ስመጣ ደስ ብሎት ሲነግረኝ ነበር። ሳጥኑን ጨርሶ፣ ጋሽ በየነ ደግሞ 'ውስጡን እኔ ላልብስልህ፣ ለልጅህ ከእኔ የተሰጠ ስጦታ ይሁን' ብለው ሰማያዊ ጨርቅ ገዝተው ወለሉን በገዛ እጃቸው ሊያለብሱለት ወሰዱት አለኝ። አላህ ይስጣቸው።»

ማናልበሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጀሊል ያን ጨርቅ ያየበት ዓይን ምን እንደነበር ገባት። ሐዘን ነው፤ መዝገቡን ከጨርቁ ሥር ሊከት የሚችለው ወለሉን ያለበሰው ሰው ብቻ ነው።

ግን ለምን? እንደ ልጃቸው አድርገው ያስተማሩትን ሰው? ይሄ አልገባትም።

መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ከመስከረም ጀምራ አንድ በአንድ ገለጠችው። የጽሕፈቱ እጅ የአቶ በየነ ነው፤ በዚህ ማንም አይጣላም። መስመሮቹ ግን እንደ ቢሮ መዝገብ በእስክሪብቶ አልተሰመሩም። በወፍራም የአናጢ እርሳስ ነው የተሰመሩት። በየመስመሩ ራስ ላይ ደግሞ መርፌ የወጋት የምታክል ቀዳዳ አለች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት ተደርድረው ብርሃን አስገቡ።

«ነገሪ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኮምፓስ ነው። አባቴ ጣውላ ላይ እንዲህ ነው ምልክት የሚያደርገው። ከአንዱ ጣውላ በሁለት እግሩ ይለካና በሌላው ላይ ይወጋል፤ ሜትር አያስፈልገውም።»

«ከሌላ ነገር ላይ እየለኩ ነው የሚቀዱት ማለት ነው።»

መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። ጳጉሜ 2004። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። በስድስተኛዋ ሥር አሥራ አራቱም ሠልጣኞች፣ ጀሊልም ጭምር፣ «ተገኝቷል» ተብለዋል።

ማናልበሽ በሳቅ ፈነዳች። ነገሪ ምን ሆነች ብሎ ደነገጠ።

«አምና ጳጉሜ ስንት ነበረች?»

«አምስት… ስድስት የነበረችው ካቻምና ነው። የልጄን ክርስትና ያነሣነው ያን ጊዜ ነው፣ በ2003።»

«ታዲያ እነዚህ አሥራ አራት ሰዎች የትኛው ቀን ላይ ነው መላጊያ ሲገፉ የዋሉት?»

ከሰዓት በኋላ ማረሚያ ቤት ተመልሰው ሰነድ ክፍል ገቡ። የክፍሉ ሠራተኛ ዳግማዊ መነጽሩን አሥር ጊዜ የሚያስተካክል ወጣት ነው። የ2003ን የማሠልጠኛ መዝገብ ስትጠይቀው ፊቱ አመድ መሰለ። ነገሪ አሁንም «ተገኘ» በሚል ዓይን አያት።

«የለም» አለ ዳግማዊ።

«የት ሄደ?»

«በጥቅምት አውጥቼ ነበር። ሳላስፈርም። ኢንስፔክተር፣ እባክዎን ኮማንደሩ እንዳይሰማ! ሳያስፈርሙ ሰነድ ማውጣት ከሥራ ያስባርራል። ግን ሽማግሌ ሰው ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?»

«የትኛው ሽማግሌ?»

«ጋሽ በየነ። 'የአምናው መስመር ቀጭን ነው፣ ያኛውን እኔ ስላሰመርኩት ይቀናኛል' አሉኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም።»

ለማናልበሽ ግን አሁን ገባት፤ ስድስተኛዋ ጳጉሜ የመጣችው መስመሩን ከ2003ቱ መዝገብ ላይ በኮምፓስ እየለኩ ሲቀዱ ነው፣ ወፍራም መስመር የፈለጉትም ስለማያዩ ነው። ሰኞ ዕለት የተዘረጋው እጅ ትዝ አላት። ሰውዬው ሴት ንቀው አልነበረም ነገሪን የጨበጡት፤ ከባዱን ኮቴ ሰምተው ነው። ሦስት ክንድ ርቀት ላይ የቆመችን ሴት አላዩም።

ረቡዕ ጠዋት ማሠልጠኛው ባዶ ነበር። አቶ በየነ ብቻቸውን ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። ማናልበሽ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ፊታቸው አኖረች።

«የሰጡኝን ቃል ጽፌዋለሁ፣ ጋሽ በየነ። ያንብቡትና ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱን አንሥተው ወደ ፊታቸው አቀረቡ። ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትክክል ነው» አሉና እስክሪብቶውን በእጃቸው ፈለጉ።

ወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል አልነበረበትም። ነገሪ ፊቱን አዞረ። 

«ባዶ ወረቀት ነው፣ ጋሽ በየነ» አለች ማናልበሽ።

ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። 

«ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «መጀመሪያ ጭጋግ መሰለኝ። ጎባ ሆስፒታል ሄጄ ከእንግዲህ አይመለስም ተባልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጀሊል ግን ነቃብኝ። ምንም ሳይለኝ ሜትሩን እሱ ማንበብ ጀመረ። መዝገቡን እሱ ያሰምርልኛል፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያኖርልኛል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ዓይኔ ሆነኝ።»

«ዓይንዎ እንዳይሄድብዎት ብለው አሳሰሩት።»

«እስከ ግንቦት ብቻ! ስድስት ወር ብቻ! በሰላም ጡረታ ልወጣ። እሱ ከወጣ በማግሥቱ ዕውር አናጢ መሆኔ ይታወቃል። እጄን ተይዤ እየተመራሁ ከበር እወጣለሁ። ይህን ፈራሁ፣ ልጄ። ፈራሁ። እንዳይወጣ ደግሞ ፈተናውን ልጥለው አልችልም፤ ከእኔ በላይ ነው። መዝገቡን ቀየርኩ። በሳጥኑ ከተትኩት። ሰኞ ጠዋት በሩን ፈታሁት።»

«መስበር እያለ።»

«እጄ እሺ አላለኝም።»

«የልጅን ስጦታ ማስቀደዱንስ እሺ አለዎት?» አለች ማናልበሽ። ሳታስበው ጮኻለች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«እውነተኛው መዝገብ የት አለ?»

«ኮላ ምድጃ ውስጥ። አመድ ሆኗል።»

ማናልበሽ ቁጭ አለች። ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ ጀሊል ግን አልዳነም። ደንቡ መዝገብ ይላል፤ መዝገቡ ተቃጥሏል። የአሠልጣኙ ምስክርነት ይበቃል እንዳትል አሠልጣኙ አጭበርባሪ ነው። አጭበርባሪነቱ ቢታለፍ እንኳ ዕውር ነው፤ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የዕውርን ምልክት የሚቀበል ኮሚቴ የለም። አሥራ ሦስቱ ሌሎችም አብረው ሊወድቁ ነው።

«ጣቱን ያኖርልኛል አሉኝ» አለች ቀስ ብላ። «መዝገቡን በየቀኑ ነበር የምትሞሉት?»

«በወር መጨረሻ ነው።»

«እና በወር መጨረሻ የሠላሳ ቀኑን በምን ያስታውሳሉ? በምን ይቆጥራሉ?»

 የአቶ በየነ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ሰባት ሚስማር ያለበትን ጣውላ አገኘና ቆመ።

«ይሄ መለማመጃ አይደለም» አለች ማናልበሽ።

«አይደለም። ስም ስጠራ 'አቤት' ያለውን በጣውላው ላይ አንድ እከትፍለታለሁ። ወር ሲያልቅ ጠለቅ አድርጌ እቆርጣለሁ። ይሄ የጀሊል ነው፤ በስም ዝርዝሩ ሰባተኛ ስለሆነ ሰባት ሚስማር መታሁበት። እንደ መዝገብ አስቤው አላውቅም። እንጨት ነው።»

ኮሚቴው ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ተቀመጠ። አሥራ አራቱ ጣውላዎች ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ ከአባላቱ አንዱ «ይሄ ደግሞ ምን ማገዶ ነው?» አለ። ማናልበሽ አሥራ አንድ ሚስማር ያለበትን አነሣችና ለኮማንደር ከሊል ሰጠችው።

«የአብዶ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ጥልቅ ቁርጦች መካከል ስንት ክትፍ አለ?»

ከሊል አየ። «አንድም የለም።»

«የክሊኒኩ መዝገብ ግንቦትን ሙሉ ተኝቶ ነበር ይላል። እዚህ ተያይዟል። አሁን የጀሊልን አቶ በየነ ያንብቡት።»

አቶ በየነ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመው ነበር። ጀሊል ከበሩ አጠገብ ነው። ሽማግሌው ጣውላውን ተቀበሉና በአውራ ጣታቸው ከመስከረም ጀምረው ጮክ ብለው ቆጠሩ። ማንም አላቋረጣቸውም። የካቲት ላይ አራት ቀን ጎደለ፤ ከሊል የክሊኒኩን ወረቀት አገላብጦ «ታሞ ነበር» አለ። ነሐሴ አለቀ። ጣታቸው ጥልቁን ቁርጥ ተሻገረ።

«ጳጉሜ» አሉ አቶ በየነ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አለቀ።»

«ጳጉሜ አምስት ናት» አለ ቀድሞ 'ማገዶ' ያለው ሰውዬ።

ማናልበሽ የአምናውን ካላንደር ወደሱ ገፋችው። «አንዷ እሑድ ነበረች። እንጨቱ ያውቃል፤ ያላወቀው ወረቀቱ ነው።»

ድምሩ 276 ቀን ሆነ። ከሊል ሁለት ጊዜ ደምሮ ፈረመ። ጀሊል ግን ወረቀቱን አላየም። የሚያየው አቶ በየነን ነበር፤ እሳቸው ግን የት እንዳለ ስለማያውቁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቆመው ነበር።

ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በሳምንቱ አጸደቀ። ቅዳሜ ኅዳር 22 ቀን ጠዋት ጀሊልና ሰቢሪና ወደ ሮቤ መናኸሪያ ሲወርዱ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆሙ። ሰማያዊው ጨርቅ ተሰፍቶ ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ተለጥፏል። ስፌቱ በግልጽ ይታያል።

«ጋሽ በየነን ላያቸው ፈልጌ ነበር» አለ ጀሊል።

ማናልበሽ አቶ በየነ ወደታሰሩበት ክፍል ገብታ ወጣች። «አይግባብኝ አሉ። አፍረዋል።»

ጀሊል ራሱን ነቀነቀ። ከሳጥኑ ውስጥ መዳፍ የምታክል የዝግባ ሰሌዳ አወጣ፤ በክር የታሰረች ትንሽ ችካልም አለቻት።

«ይህን ይስጡልኝ። ውስጥ ቀኑ ይጠፋባቸዋል። ችካሏን በየቀኑ ወደሚቀጥለው ያዛውሯት።»

ማናልበሽ ሰሌዳዋን አገላብጣ አየቻት። በስድስት ረድፍ አምስት አምስት፣ ሠላሳ ቀዳዳ። ከታች ለብቻቸው ደግሞ አምስት።

ነገሪ አንገቱን አስግጎ ቆጠረ። «ስድስተኛዋን ረሳሃት እንዴ?» አለ እየሳቀ።

ጀሊል አልሳቀም። «አልረሳኋትም። ስድስተኛዋ የምትመጣው በ2007 ነው። እስከዚያ ይፈታሉ፣ ኢንሻ አላህ። ካልተፈቱ ግን እኔ ራሴ መጥቼ እበሳላቸዋለሁ።»

የደሎ መና አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ሰቢሪና ሳጥኑን በአንድ ጎን፣ እሱ በሌላው ጎን ይዘው ሄዱ። ማናልበሽ ሰሌዳዋን ይዛ ገባችና ከማን እንደሆነ ነግራ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረችላቸው። አቶ በየነ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከታች ያሉት አምስቱ ላይ ሲደርሱ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ከዚያ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ከላይ እንደገና ቆጥረው ችካሏን ሃያ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ተከሏት።